ጣናን ማን ለካው? ምኑንስ?

በክረምት ወረታ የደረሰ ሰው የጉማራንና የርብን ጠባይ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ከጉና ተራራ የጠረጉትን አፈር ተሸክመው፣ ቡና መስለው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በ1998 ዓ.ም ክረምት እንደሆነው ከሞሉ ደግሞ ከሰውም ከሰብልም አይምሩም። ታዲያ እኛ የታሪክ ተማሪዎች አንድ ነገር ጠየቅን፤ ይህን ውሃ የለካው ማን ነው? ምኑንስ ነው የለካው?

እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ፣ እንግሊዝና የሱዳን መንግሥት ካልተስማሙ በቀር የዓባይንና የጣናን ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ከእንግሊዝ ጋር ተዋዋሉ። በ1920 እና በ1921 ግራብሃምና ብላክ ጣናን አጠኑ፤ ዘገባቸው የታተመው ካይሮ ላይ ነው። በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አሜሪካ ተልከው ስለ ጣና ግድብ ከጄ.ጂ. ዋይት ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። እንግዲህ የዚያ ዘመን ጥያቄ «ምን ያህል ውሃ ይጠራቀማል? ምን ያህልስ ይወርዳል?» የሚል ነበር። በውሃው ሆድ ውስጥ ስለሚሆነው ግን ጉዳዬ ያለው አልነበረም።

በሌላው ዓለም ይኸው ሆድ መመርመር ከጀመረ ቆይቷል። በ1893 የናንሰን መርከብ ፍራም በአርክቲክ ባሕር ላይ ያለምክንያት እየተጎተተች አስቸገረች። ኤክማን በ1904 ምስጢሩን ገለጠው፦ ከላይ ቀላል ውሃ፣ ከታች ከባድ ጨዋማ ውሃ ተደራርበዋል፤ መርከቧ ጉልበቷን የምትጨርሰው በሁለቱ መካከል ከላይ የማይታይ ማዕበል በማስነሳት ነው። በዚያው ዓመት ዋትሰን በስኮትላንዱ ሎክ ኔስ ሐይቅ በተለያየ ጥልቀት ሙቀት እየለካ ተመሳሳይ የውስጥ ማዕበል አገኘ። ንውጥውጥታውን መለካት ግን ይበልጥ ከባድ ነበር። ግራንት፣ ስቱዋርትና ሞይሌት በ1962 ባሳተሙት ጥናት በኤሌክትሪክ የሞቀ ጥቃቅን መሣሪያ ባሕር ውስጥ ጎተቱ። ትኩስ ሻይ እፍ ሲሉት እንደሚበርድ፣ ውሃው በፈጠነ ቁጥር መሣሪያው ይበርዳል፤ ከዚያ የእያንዳንዷ ሽክርክሪት ፍጥነት ይነበባል።

ሎክ ኔስ ከ200 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ጣና ግን ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ነፋስ እስከ ወለሉ ያማስለዋል፤ ድርብርቡ ውሃ ብዙ ሳይቆይ ይደባለቃል፤ የተኛው ደለል እንደገና ይነሳል። ውሃው ሲደፈርስ ብርሃን ወደ ታች አይዘልቅም፤ ዓሣው የሚኖርበት ምግብ ከዚያው ብርሃን ነው የሚጀምረው።

እንግዲህ ለእኛ ንውጥውጥታ የሩቅ ባሕር ወሬ አይደለም። የጉና አፈር የት ይተኛል? መቼ ይነሳል? ይህ የሩዝ ገበሬውም የዓሣ አጥማጁም ጥያቄ ነው። ታሪኩ ያስተማረን ይህንን ነው፤ ውሃ የሚለካው ለጠያቂው ነው። ግድብ የፈለገ መጠኑን ለካ። የፎገራ ገበሬ ልክ ደግሞ ጎርፉ በቤቱ ግድግዳ ላይ ጥሎት የሄደው የጭቃ መስመር ነው። መሣሪያው ከዚያ መስመር ቢነሳ ምን አለበት?