ቀይ ቀበሮ፣ አይጥ እና ሦስተኛው ፊደል

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ክፍል ውስጥ በየዓመቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ቲቸር፣ አውሬው የሚበላውን ሁሉ በልቶ ቢጨርስስ?» የልጅ ጥያቄ ይመስላል እንጂ ትልልቅ የሒሳብ ሰዎችን ያስጨነቀ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኡምቤርቶ ዳንኮና የሚባል ጣልያናዊ ተመራማሪ የአድሪያቲክ ባሕር ወደቦችን የዓሣ ገበያ መዝገብ ሲያገላብጥ ግራ የሚያጋባ ነገር አየ። በጦርነቱ ጊዜ አጥማጆች እንደ ልባቸው ባሕር አልወጡም። ታዲያ ድርሻው የጨመረው ሌላውን ዓሣ እየበላ የሚኖረው የእነ ሻርክ ወገን ሆኖ ተገኘ። ለምን? ነገሩን በኋላ አማቱ ለሆነው ለሒሳብ ሊቁ ለቪቶ ቮልቴራ አማከረው። ቮልቴራም በ1926 በሁለት ፊደል መለሰለት፤ አንዱ ፊደል ለአዳኝ፣ አንዱ ለታዳኝ። አሜሪካ ይሠራ የነበረው አልፍሬድ ሎትካም ይህንኑ ቀመር በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጦት ስለነበር ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራል።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ታዳኝ ሲበዛ አዳኝ ይጠግባል፣ ይወልዳል። አዳኝ ሲበዛ ታዳኝ ይመናመናል። ያኔ አዳኙ የሚበላው ያጣና ቁጥሩ ይወርዳል፤ ታዳኙም ፋታ አግኝቶ እንደገና ይዋለዳል። እንዲህ እየተፈራረቁ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ሰው መጥቶ ሁለቱንም ሲያጠምድ ደግሞ ይበልጥ የሚጎዳው አዳኙ ነው፤ አጥማጁ ሲቀር አዳኙ ይበዛል። የአድሪያቲክ እንቆቅልሽ በዚህ ተፈታ።

በነገራችን ላይ ይህ ቮልቴራ በ1931 ለሙሶሎኒ መንግሥት ታማኝነት አልምልም ብሎ ከዩኒቨርሲቲ ወንበሩ የተነሳ ሰው ነው። ለኛ ይቺም ትንሽ ነገር አይደለችም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ቀይ ቀበሮ ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ በሳይንሱ የተኩላ ወገን ነው። በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ ሲሆን የቀረው ወደ 500 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ተራሮች ላይ ይኖራል። በመንጋ ቢኖርም የሚያድነው ለየብቻው ነው። ባሌ ላይ ከሚበላው ከመቶ 95 በላይ የሚሆነው ፍልፈልና የደጋ አይጥ ነው። አይጥ በበዛበት ቀበሮው ይበዛል፣ አይጥ ባነሰበት ያንሳል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ፊደሎች ይበቃሉ።

ግን በ1991 እና 1992፣ ከዚያም እንደገና በ2003 መጨረሻ፣ ባሌ ውስጥ ዌብ ሸለቆ ላይ ሌላ ነገር ሆነ። አይጡ እንደሞላ ነው፤ ቀበሮው ግን ከአራት ሦስቱ ገደማ አለቀ። ረሃብ አልነበረም። የገደለው የእብድ ውሻ በሽታ ሲሆን፣ ያመጣውም ከከብት ጋር ሽቅብ የሚወጣው የእረኛ ውሻ ነው። ሦስተኛው ፊደል ውሻ ነበር፤ ከውሻው ጀርባ ደግሞ እኛ አለን።

ሒሳቡ እዚህም ጠቀመ። በውሻ ላይ በሽታውን ለማቆም ከመቶ 70 መከተብ ያስፈልጋል ይባላል። ቀበሮን በተራራ ላይ እያሳደዱ ይህን ያህል መከተብ የማይታሰብ ነው። በ2006 «ኔቸር» ላይ የወጣው ጥናት ግን ከመቶ ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት ከተከተቡ ዘሩን የሚያጠፋውን ትልቁን ወረርሽኝ መከላከል እንደሚቻል በሞዴል አሳየ። መንጋዎቹ የሚገናኙት በጠባብ መተላለፊያ ስለሆነ፣ እዚያ ያሉትን መከተብ በር እንደመዝጋት ነው። አንዳንዶቹ ይሞታሉ፤ ዘሩ ግን ይተርፋል።

ይህን «እኛም አለንበት» የሚለውን ነገር የመንዝ ሰዎች ያለ ቀመር ያውቁት ነበር። በመንዝ ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቀሮ ሥርዓት የሚባል ነበር፤ የአስቦና የጌራ ዘሮች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው በስምምነት ይከፍቱታል። የጠበቁት ለቤት ክዳንና ለከብት ግጦሽ ቢሆንም፣ ሣሩ ሲድን አይጡ ይድናል፣ አይጡ ሲድን ቀበሮውም ይኖራል። ሥርዓቱ በ1975ቱ (በእኛ 1967) የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ ዛሬ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ቦታውን እየጠበቀ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ መልሴ ይህ ነው፦ ቀይ ቀበሮ አይጡን በልቶ አይጨርስም። እሱን የሚጨርሰው በሽታችንና እርሻችን ነው። በሽታው ደግሞ ባሌ ብቻ አይደለም ያለው፤ ማታ ማታ ለቡና ጀሞ መንገድ ላይ የሚዞሩትን ውሾች አስቧቸው። ውሻ ያላችሁ፣ ዘንድሮ አስከተባችሁ? እስቲ ከታች ጻፉልኝ።