የትኛዪቱ ቆሮንቶስ?

በቅዳሴ ሰዓት ዲያቆኑ ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ሲያነብ የቆሮንቶስን ስም ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። ይህ ስም ግን በአንድ ስፍራ፣ አንዲቱ በሌላዪቱ ፍርስራሽ ላይ የተሠሩ ሁለት ከተሞች የተጠሩበት ነው። የመጀመሪያዪቱ የግሪኮች፣ ሁለተኛዪቱ የሮማውያን ናት። ሐዋርያው የገባው ወደ ሁለተኛዪቱ ሲሆን በስብከት ጊዜ ግን ወደ መጀመሪያዪቱ እንደ ገባ ተደርጎ ሲነገር እንሰማለን። ሁለቱን ለይቶ ለማየት ከመጻሕፍት ሌላ የዶማና የአካፋ ምስክርነት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግሪካዊቷ ቆሮንቶስ ሁለት ባሕሮችን በሚለየው ልሳነ ምድር አጠገብ ተቀምጣ፣ በስተ ምዕራብ ሌካዮን፣ በስተ ምሥራቅ ክንክራኦስ የተባሉ ወደቦችን ይዛ በንግድ የከበረች ነበረች። በ146 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሮም ጦር አዛዥ ሙሚዮስ ያዛት፤ ወንዶቹ ተገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት ለባርነት ተሸጡ። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል በፍርስራሹ መካከል ጥቂት ሰዎች ከመኖራቸው በቀር ከተማ የሚባል አልነበረም። በ44 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ዩልዮስ ቄሣር በዚያው ስፍራ የሮም ሠፈራ እንዲቆረቆር አደረገ። ከሰፋሪዎቹ የሚበዙት ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች እንደ ነበሩ የጂኦግራፊ ጸሐፊው ስትራቦ ይነግረናል። እነዚህ ሰዎች ፍርስራሹን ሲያነሡ የጥንት መቃብሮችን ቆፍረው የነሐስና የሸክላ ዕቃ እያወጡ ወደ ሮም ይልኩ እንደ ነበርም ጽፏል። እንግዲህ የቆሮንቶስ የመጀመሪያዎቹ ቆፋሪዎች መቃብር ዘራፊዎች ነበሩ ማለት ነው።

በሥርዓት የሚደረገው ቁፋሮ የተጀመረው በ1896 ነው። በአቴና የሚገኘው የአሜሪካ የክላሲክ ጥናት ትምህርት ቤት ጀምሮት እስከ ዘመናችን ዘልቋል። የቆፋሪው ሥራ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለመረዳት ተፍቆ ዳግመኛ የተጻፈበትን ብራና አስቡ፤ ከላይኛው ጽሕፈት ሥር የቀድሞው ቀለም ጥላ አለ። ልዩነቱ፣ ብራና መርማሪው የላይኛውን ሳያጠፋ የታችኛውን ሊያይ ይችላል፤ ቆፋሪው ግን የታችኛውን ለማየት የላይኛውን ማንሣት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ የአፈር ንብርብር ከመነሣቱ በፊት ይለካል፣ ይሣላል፤ በውስጡ የተገኘው ሳንቲም፣ የሸክላ ስባሪና መብራት ይመዘገባል። ሳይነካ ከቆየ ወለል ሥር ሳንቲም ቢገኝ ወለሉ ሳንቲሙ ከመቀጥቀጡ በፊት ሊሠራ አይችልም። የሸክላ መብራትም ቅርጹ ከዘመን ወደ ዘመን ስለሚለዋወጥ ታማኝ ምስክር ነው፤ ኦስካር ብሮኒር የቆሮንቶስን መብራቶች ለይቶ በ1930 ያሳተመው መጽሐፍ ለሌሎች ቁፋሮዎችም መለኪያ ሆኗል።

ሮማውያን አደባባያቸውን ባነጠፉበት ስፍራ ሥር የግሪኮች የሩጫ ሜዳ መነሻ መስመር ወጣ። በአደባባዩ ደቡብ ያለው 164 ሜትር ያህል የሚረዝም ባለ አዕማድ ሕንፃ ግሪኮች የሠሩት ሲሆን ሮማውያን አድሰው ተገልግለውበታል። የፒሬኔ ምንጭ ውኃ አንድ ነው፤ የፊቱ ግንብ ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል። የአፖሎን የሚባለው ቤተ ጣዖት ከነበሩት 38 አዕማድ 7ቱ ዛሬም ቆመዋል። ሐዋርያው ሲደርስ ይህ ሕንፃ ከ500 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነበር፤ በዙሪያው ያለችው ከተማ ግን መቶ ዓመት እንኳ አልሞላትም።

ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። በአክሮቆሮንቶስ ተራራ ላይ በአፍሮዲት ቤተ ጣዖት ከሺህ በላይ ሴቶች ለዝሙት ተመድበው ነበር ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። የዚህ ነገር ምንጭ ያው ስትራቦ ነው። ነገር ግን እርሱ ይህን የጻፈው ስለ ቀድሞዪቱ ከተማ ነው፤ ራሱ ተራራውን ወጥቶ ስላየው ዘመን ሲናገር በጫፉ አንድ ትንሽ ቤተ ጣዖት እንዳለ ብቻ ይነግረናል። ለቀድሞዪቱም ቢሆን ቁጥሩን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። በተራራው ተዳፋት በዴሜትር መስገጃ የተገኙትን የግብዣ ክፍሎችም ሐዋርያው ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ከጻፈው (1ኛ ቆሮ. 8–10) ጋር የሚያያይዙ አሉ። የአፈሩ ንብርብር ግን ክፍሎቹ ከሙሚዮስ ጥፋት በኋላ ለግብዣ እንዳላገለገሉ ይመሰክራል። ሐዋርያው የሥጋ ገበያውን የጠራበት ቃል ይልቅ ከላቲኑ «ማኬሉም» ጋር አንድ ነው፤ ይህም ገበያ በዚያው ከተማ በተገኘ የላቲን ጽሑፍ ተጠቅሷል።

ይህን ማለቴ የቆሮንቶስን ኃጢአት ለማቅለል አይደለም፤ ሐዋርያው በዝሙት ላይ የጻፈው ተግሣጽ ግልጽ ነው። ነገር ግን ተግሣጹን ለማድመቅ ብለን ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የፈረሰችውን ከተማ ስንጠራ መልእክቱ የተላከላቸውን ሰዎች እናጣቸዋለን። እነዚያ ሰዎች አያቶቻቸው ባሪያዎች ከነበሩባት፣ በንግድ ከብሮ ስምን በድንጋይ ማስቀረጽ ታላቅ ክብር ከሆነባት ከተማ ናቸው። ጆን ኬንት በ1966 እንዳሳተመው፣ ከንጉሥ ሐድርያን ዘመን በፊት ከሆኑት 104 የድንጋይ ጽሑፎች 101ዱ በላቲን የተጻፉ ናቸው፤ በግሪክ ምድር! በ1929 ከቲያትሩ አጠገብ የተገኘው ንጣፍ ኤርስጦስ የተባለ ሰው ስለ ተሰጠው ሹመት በራሱ ገንዘብ እንዳነጠፈው ይናገራል። በሮሜ 16፥23 የተጠቀሰው የከተማው መጋቢ ኤርስጦስ እርሱ ይሁን አይሁን ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ እኔ ክርክሩ ይቆየን እላለሁ። ድንጋዩ የሚያሳየው ፉክክር ግን ሐዋርያው ትምክህትን ደጋግሞ የነቀፈባቸውን ምዕራፎች በአዲስ ዓይን ያስነብበናል።

ዘመኑንም የነገረን ድንጋይ ነው። በዴልፊ በተሰባበረ መልኩ የተገኘ የንጉሥ ቀላውዴዎስ ደብዳቤ ጋልዮስን ስለሚጠቅስ፣ የአካይያ አገረ ገዥነቱ በ51 እና በ52 ዓ.ም. አካባቢ እንደ ነበር ታውቋል፤ በሐዋርያት ሥራ 18 ሐዋርያው የቆመው በዚህ ሰው የፍርድ ወንበር ፊት ነው። በአደባባዩ መካከል ያለውን ከፍ ያለ መድረክ ተመራማሪዎች የዚያ የፍርድ ወንበር ስፍራ ይሉታል።

በዚያ መድረክ ላይ በመካከለኛው ዘመን ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ነበር፤ ቅሪቱም ዛሬ ይታያል። የቀደሙት ቆፋሪዎች ግን ወደ ሮማውያኑና ወደ ግሪኮቹ ለመድረስ ስለ ቸኰሉ፣ ከአደባባዩ በላይ የነበረውን የቢዛንታይን ዘመን ሠፈር አብዛኛውን በአጭር መዝገብ ብቻ አንሥተውታል።