በአንድ ገመድ ኃይልም ምስልም፦ ለቤትና ለቡና ግቢ የደህንነት ካሜራ አመራረጥ

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና እስከ በበቃ ባለው የቡና ምድር የብዙ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ለሳምንታት ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ ይከርማል። የተለቀመው ቀይ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ጀንፈል እስኪሆን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ከዚያም ገበያ እስኪወጣ በጆንያ ሆኖ ቤት ይቀመጣል። ቤተሰቡ ለሱብሒ ወይም በረመዷን ለተራዊሕ ወደ መስጂድ ሲሄድ ግቢው ባዶ የሚቀርበት ጊዜም አለ። ሰበቡን አድርሶ በአላህ መመካት ደግሞ ዲናችን ያስተማረን ነው። ይህ ጽሑፍ ካሜራ ማስገጠም ለሚያስቡ ሰዎች ከመግዛታቸው በፊት ሊያሰሉት የሚገባውን ያስረዳል።

የኔትወርክ ኬብል ለምን ይመረጣል?

የዋይፋይ ካሜራ ምስሉን ያለ ገመድ ቢልክም ኃይል የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከሶኬት ነው። አራት ካሜራ አራት ቦታ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋም አራቱም ይጠፋሉ። ፒኦኢ በሚባለው አሠራር ግን አንድ የኔትወርክ ኬብል ኃይሉንም ምስሉንም ይሸከማል። ሁሉም ኬብሎች ቤት ውስጥ ባለ አንድ ስዊች ላይ ይሰበሰባሉ። ስዊቹና መቅጃው (ኤንቪአር) በባትሪ ከተደገፉ ካሜራዎቹ በሙሉ መብራት በሌለበትም ይሠራሉ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ ቀረጻው አይቆምም፤ ምስሉ በራስዎ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል።

ዋትና ደረጃ

የፒኦኢ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ደረጃ 802.3ኤኤፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ። ከስዊቹ እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል፤ ካሜራው ዘንድ የሚደርሰው ቢያንስ 12.95 ዋት ነው። በ2009 የወጣው 802.3ኤቲ 30 ዋት፣ በ2018 የወጣው 802.3ቢቲ ደግሞ እስከ 90 ዋት ይሰጣሉ። ተራ ቋሚ የቤት ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ዋት ስለሚወስድ የመጀመሪያው ደረጃ ይበቃዋል። የሚዞርና የሚያጎላ ካሜራ ግን ሁለተኛውን ሊፈልግ ይችላል።

ስዊች ሲገዙ የቀዳዳውን ቁጥር ብቻ አይቁጠሩ፤ በአጠቃላይ ስንት ዋት እንደሚችል ይጠይቁ። ስምንት ቀዳዳ ኖሮት በድምሩ 60 ዋት ብቻ የሚሰጥ ስዊች አለ። ካሜራ ብዙ ኃይል የሚወስደው የሌሊት መብራቱ ሲበራ ስለሆነ በዚያ መጠን ያስሉ።

ደረጃውን የጠበቀ ስዊች ኃይል ከመልቀቁ በፊት ጫፍ ላይ ያለው ዕቃ ፒኦኢ የሚቀበል መሆኑን ይፈትሻል። «ፓሲቭ ፒኦኢ» የሚባለው ግን ሳይጠይቅ 24 ወይም 48 ቮልት ይለቃል፤ የማይስማማውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። በካርቶኑ ላይ 802.3 የሚል ጽሑፍ መኖሩን አይተው ይግዙ።

ኬብሉን በቢላዋ ይፈትሹ

ርካሽ ኬብል ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ኃይል ያባክናል፣ ይሞቃል፣ ቶሎም ይሰበራል። ቀጭኑን ሽቦ በቢላዋ ፋቅ ያድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ይተዉት። ሙሉ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይበቃል፤ ለውጭ ደግሞ ፀሐይና ውኃ የሚችል ጥቁር ሽፋን ያለው ይሁን።

የአንድ ኬብል ርዝመት ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም። የቡና ማድረቂያው ከዚያ ከራቀ መሃል ላይ የፒኦኢ ማራዘሚያ ይገባል። ሁለት የተለያዩ ሕንፃዎችን ግን በመዳብ ኬብል አለማገናኘት ይመረጣል፤ መብረቅ በአንዱ በኩል ገብቶ የሌላውን ዕቃ ሊያወድም ይችላል። በፋይበር ወይም በገመድ አልባ ማገናኛ ያገናኙ፤ ፋይበር ኃይል ስለማይሸከም ሁለተኛው ሕንፃ የራሱ ስዊች ያስፈልገዋል።

ይህ አገር ዝናቡ ብዙ ነው። ካሜራው አይፒ 66 ወይም 67 የሚል ይሁን፣ መገጣጠሚያው ውኃ በማያስገባ ሳጥን ይሸፈን፣ ኬብሉም ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይንጠልጠል፤ ውኃው እዚያው ይንጠባጠባል።

ፊት የሚለይ ካሜራ

ሰው ማለፉን ማየትና ማን መሆኑን መለየት የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የአውሮፓ ደረጃ ማንነትን ለመለየት በአንድ ሜትር 250 ፒክሰል ያስፈልግ ነበር። በዚህ ስሌት 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ባለ 4 ሜጋፒክሰል ካሜራ ሰፊ ቦታ ቢያሳይም ፊት የሚለየው እስከ 4 ሜትር ገደማ ነው፤ 6 ሚሊሜትሩ ጠባብ ቢሆንም 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ለበር ሰፊውን፣ ለማድረቂያውና ለአጥሩ ጠባቡን ይምረጡ። የሸረሪት ድርና ነፍሳት የሌሊቱን ምስል ስለሚጋርዱ ሌንሱን በየጊዜው ይጥረጉ።

ባትሪና ሃርድ ዲስክ

አራት ካሜራ በ7 ዋት 28 ዋት ነው። ስዊቹና መቅጃው ሲጨመሩ 55 ዋት ገደማ ይሆናል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ በኢንቨርተር ወደ 9 ሰዓት ያቆያል፤ ማለትም ሌሊቱን ያሳልፋል። በውስጡ አንድ ባለ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ያለው ትንሽ ዩፒኤስ ግን ከአንድ ሰዓት አይዘልም።

አንድ ካሜራ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ቢቀርጽ በቀን 43 ጊጋባይት ይሞላል። አራቱ በ2 ቴራባይት ዲስክ ላይ 11 ቀን ያህል ይቀመጣሉ። ከጆንያ ቡና መጉደሉ የሚታወቀው ዘግይቶ ሊሆን ስለሚችል ከዚህ ያነሰ አይግዙ። መቅጃውንም የሚቆለፍ ቦታ ያስቀምጡ፤ ሌባ ይዞት ከሄደ ማስረጃው አብሮ ሄደ ማለት ነው።

የጎረቤት ሐቅና የቤት ሚስጥር

ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 የሰውን ነውር መሰለልን ይከለክላል፤ ሱረቱ ኑር አንቀጽ 27 የሰው ቤት ያለ ፈቃድ አትግቡ ይላል። የፈቃድ ጥየቃው የተደነገገውም ለዓይን ሲባል መሆኑ በሐዲሥ ተነግሯል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26ም የግል ሕይወትን ያስከብራል። የራስን ንብረት ለመጠበቅ የተሰቀለ ካሜራ የጎረቤትን ጓሮና መስኮት የሚያይ ከሆነ ሐቅ ነክቷል። ስለዚህ፦

• ካሜራውን ወደ ራስዎ በር፣ አጥርና መጋዘን ብቻ ያዙሩ። የጎረቤት ግቢ ከገባበት ያንን ክፍል በቅንብሩ በጥቁር ይሸፍኑ።
• ሴቶች ሒጃባቸውን በሚያወልቁበት ሳሎንና መኝታ ቤት አይስቀሉ። በመስጂድም የሴቶች የውዱእ ቦታ በምንም መንገድ አይታይ።
• ድምፅ መቅጃውን ያጥፉ፤ ለእንግዶችና ለቡና ለቃሚዎችም ካሜራ እንዳለ ይንገሩ።
• ባለሙያው ገጥሞ እንደጨረሰ የይለፍ ቃሉን እርስዎ ራስዎ ይቀይሩ። ፋብሪካው ያወጣው ወይም ገጣሚው የሚያውቀው ቃል ከቀረ ቤትዎን ማን እንደሚያይ አያውቁም።

በጀቱ ጠባብ ከሆነ የካሜራውን ቁጥር ይቀንሱ እንጂ ኬብሉንና ባትሪውን አይቀንሱ። በደንብ የተገጠሙ ሁለት ካሜራዎች መብራት ሲሄድ ከሚጠፉ ስምንት ይሻላሉ። አላህ ንብረታችንንም ጉርብትናችንንም ይጠብቅልን።