ከጭቃ በረት እስከ ማይንክራፍት

ነጭ ዓባይ ባሕር ኤል ጀበል በሚል ስም በሚወርድበት ምዕራባዊ ዳር፣ የቅድስት ቴሬዛን ካቴድራልና የኮንዮ ኮንዮን ገበያ አቅፎ የተቀመጠው የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ የጁባ የካቶር ሰፈር፣ የዘመናችን ወጣቶች በስልክና በኮምፒውተር መስኮት ለሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ታሪክ መነሻ ይሆናል ብሎ የሚያስብ አንባቢ ብዙ አይገኝ ይሆናል። ነገር ግን «ሳንድቦክስ» እየተባሉ የሚጠሩት ጨዋታዎች የቆሙባቸው አራቱ ግብሮች፣ ማለትም ያልታወቀውን ምድር ማሰስ፣ በደረሱበት ማደሪያ መገንባት፣ ከተገኘው ቁስ መሣሪያ መሥራትና ከጠላት ጋር መዋጋት፣ ገና የኮምፒውተር ስም ሳይታወቅ፣ በዚሁ ወንዝ ዳር በእውነተኛ ላብና በእውነተኛ ደም ተፈጽመው ያለፉ ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን።

በወንዙ ማዶ የነበረችው ጎንዶኮሮ፣ በ1863 አሳሾቹ ስፒክና ግራንት የዓባይን ምንጭ ፈልገው ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲመለሱ ከሌላው አሳሽ ከሳሙኤል ቤከር ጋር የተገናኙባት ጣቢያ ነበረች። ይኸው ቤከር በ1871 ከግብፁ ገዥ ከእስማኤል ጭፍራና መርከብ ተቀብሎ ተመለሰና ስፍራውን «እስማኤሊያ» ብሎ ሰየመው፤ ምሽግም ሠራ፤ የአገሩ ባለቤቶች የሆኑት የባሪ ሰዎች ከብታችንንና እህላችንን አሳልፈን አንሰጥም ባሉ ጊዜም ወጋቸው። ከእርሱ አስቀድመው የዝሆን ጥርስና የሰው ነጋዴዎች «ዘሪባ» የተባለውን የእሾህ አጥር እየተከሉ አገሩን ዘርፈውታል፤ ከእርሱም በኋላ በ1897 ሻልቴን የተባለው ቤልጅጋዊ መኮንን ከጁባ በስተ ደቡብ ባለችው በረጃፍ ላይ የመሐዲስቶችን ጦር ድል አድርጎ ስፍራውን ለንጉሥ ሊዮፖልድ ያዘ። እንግሊዞችም በ1920ዎቹ ዓመታት ጁባን ቆርቁረው የአውራጃው መናገሻ አደረጓት። እነዚህ ሁሉ ሲመጡ ምድሪቱን ባዶ፣ ራሳቸውን ደግሞ የመጀመሪያ ሰው አድርገው ነበር የቆጠሩት፤ በካርታቸውም ላይ ያልታወቀ ብለው የተዉት ቦታ ሁሉ፣ ለባሪው ሽማግሌ የአባቱ መቃብርና የከብቱ መዋያ ነበረ። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ያኑርልን፤ ጨዋታዎቹን የምንመዝንበት ሚዛን እርሱ ነውና።

ከዚህ የወራሪዎች ግብር የሚለይ ሌላ የመገንባት ጨዋታ ግን በዚያው ምድር ነበር። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1930ዎቹ ዓመታት በኑዌር ሕዝብ መካከል ተቀምጦ ባጠናውና በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ መዘገበው፣ የኑዌር ሕፃናት በበጋው ሰፈር ከአሸዋ፣ በመንደር ሲሆኑ ደግሞ ከረጠበ አመድና ከጭቃ በረት ይሠራሉ፤ በረቱንም በጭቃ በሬዎችና በጭቃ ላሞች ይሞሉታል፤ ከዚያ በኋላ የእረኝነትና የጋብቻ ጨዋታ ይጫወቱበታል። ይህ ሊቅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአኙዋክ ተዋጊዎች ጋር ሆኖ በኢትዮጵያ ጠረፍ ከኢጣልያ ጦር ጋር የተዋጋ ሰው በመሆኑ ለእኛም ታሪክ እንግዳ አይደለም፤ ኑዌሮችም በጋምቤላ በኩል የእኛው ወገን ናቸው። ሕፃኑ በጭቃ ከሚሠራው በረት ውስጥ ጠላት የለም፤ የሚገድለውም አውሬ የለም። ያለው ከብት ነው፣ ቤት ነው፣ ጥሎሽ ተቆጥሮለት የሚመጣ ዘመድ ነው። በእኔ ግምት ይህ የጭቃ በረት፣ ምዕራባውያን በዘመናችን በብዙ ሚሊዮን ዶላር ከሠሯቸው ዓለማት በአንድ ነገር ይበልጣል፤ ምክንያቱም ጎረቤትን ከመጀመሪያው ቈጥሮ ይነሣል።

ወደ ኮምፒውተሩ ታሪክ እንለፍ። በ2006 ታርን አዳምስና ወንድሙ ዛክ «ድዋርፍ ፎርትረስ» የተባለውን፣ ተጫዋቹ ድንኮችን እየመራ ተራራ አስፈልፍሎ ከተማ የሚመሠርትበትን ጨዋታ ለሕዝብ አወጡ። በ2009 የጸደይ ወራት ዛካሪ ባርት «ኢንፊኒማይነር» የሚባል፣ ዓለሙ ሁሉ ከአራት ማዕዘን ጡብ የተሠራ ጨዋታ ሠራ። በስዊድን አገር የሚኖረው ማርኩስ ፐርሰን ይህን አይቶ ሐሳቡ ተነሣሣ፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር የ«ማይንክራፍትን» የመጀመሪያ ረቂቅ ለሕዝብ አቀረበ። ጨዋታው እየተጨመረበትና እየታረመ ቆይቶ ሙሉ ሆኖ የወጣው ኖቬምበር 18 ቀን 2011 ነው። ተወዳዳሪው «ቴራሪያ» ደግሞ አንድሩ ስፒንክስ በአሜሪካ በመሠረተው ሪ ሎጂክ በተባለ ትንሽ ድርጅት አማካይነት ሜይ 16 ቀን 2011 ወጣ። በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል፣ ጁላይ 9 ቀን 2011፣ ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን አውጃ በጁባ ሰንደቅ ዓላማዋን ሰቀለች። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የምናብ ዓለማትና አንዲት እውነተኛ አገር ተወለዱ፤ ሦስቱም ለሚገቡባቸው ያቀረቡት ጥያቄ አንድ ነበረ፤ ከምንም ተነሥተህ ምን ትሠራለህ?

ማይንክራፍት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ተጫዋቹ ባዶ እጁን በማያውቀው ምድር ላይ ይቆማል፤ የቀኑ ብርሃን 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ ጊዜ የለውም። የዛፍ ግንድ በጡጫ እየመታ ይቈርጣል፤ አንዱ ግንድ አራት ሳንቃ ይሆንለታል፤ በአራት ሳንቃ የመሥሪያ ጠረጴዛ፣ በሁለት ሳንቃ ደግሞ አራት በትር ይሠራል። ጠረጴዛው ዘጠኝ ክፍሎች ያሉት ገበታ አለው፤ በላይኛው ተራ ሦስት ሳንቃ፣ ከመካከለኛው ሥር ወደ ታች ሁለት በትር ሲደረደር ዶማ ይወጣል። በእንጨቱ ዶማ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ዶማ ብረት፣ በብረቱ ዶማ አልማዝ ይቈፈራል። ሌሊቱ ሲወርድ ችቦ ያልበራበት ጨለማ ሁሉ አውሬ ያወጣል፤ ክሪፐር የሚባለው አረንጓዴ ፍጡርም ድምፁን አጥፍቶ ቀርቦ ራሱን ያፈነዳና የሠሩትን ግንብ ያፈርሳል። የረሃብ ሥርዓት የተጨመረው ጨዋታው ሙሉ ሆኖ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው፣ በሴፕቴምበር 2011 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ገንቢው ሊበላ ይገባዋል። ሆኖም ውጊያውን የማይወድ ሰው አውሬዎቹን አስወግዶ፣ ጡቡም ሳይቈጠርበት፣ ያሻውን ቤተ መንግሥት ሊገነባ የሚችልበት ሌላ መንገድ ተከፍቶለታል። የዚህ ጨዋታ ልብ ግንባታው ነው፤ ሌላው ሁሉ ለግንባታው የተጨመረ ነው። ማይክሮሶፍት በ2014 ጨዋታውን የሠራውን ኩባንያ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር መግዛቱ፣ በ2023ም የተሸጠው ብዛት ከ300 ሚሊዮን ማለፉ መታወጁ፣ ይህ የመገንባት ጥማት በሰው ባሕርይ ውስጥ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ይመሰክራል።

ቴራሪያ ሌላ መንፈስ ያለው ዓለም ነው። ምድሩ በጎን የሚታይ ጠፍጣፋ ሥዕል ስለሆነ፣ ተጫዋቹ አድማስን ከማሰስ ይልቅ ወደ ከርሠ ምድር ይወርዳል፤ የሚያገኘውም ማዕድን በአብዛኛው ወደ ሰይፍ፣ ወደ ቀስትና ወደ ጥሩር ይለወጣል፤ ሰይፉም አንዱን ግዙፍ አውሬ ድል ካደረገ በኋላ ሌላውን፣ ከእርሱ የሚበልጠውን፣ እንዲፈልግ ያስገድደዋል። በዚህ ረገድ የጦረኛ ጨዋታ ነው፤ ማይንክራፍትን የለመደ ሕፃን ቢገባበት ግንባታውን ረስቶ ከውጊያ ወደ ውጊያ ሲሮጥ ይውላል። ነገር ግን ውጊያ ወዳዱ ቴራሪያ፣ ሰላማዊው ማይንክራፍት በጀመረበት ዘመን ያልነበረውን አንድ ሕግ ይዞ መጣ። ነጋዴው፣ ነርሷና ሌሎቹ ነዋሪዎች ወደ ተጫዋቹ መንደር መጥተው የሚሰፍሩት ለእያንዳንዳቸው የተለየ ክፍል ሲሠራላቸው ብቻ ነው፤ ክፍሉም ግድግዳ፣ በር፣ መብራት፣ ወንበርና ጠረጴዛ ያለው መሆን አለበት። ቤቱ ተሟልቶ ካልተሠራ ሰው አይመጣም። ደም ጨረቃ በሚወጣበት ሌሊት ደግሞ፣ በሌላው ጊዜ በሩን እየደበደቡ የሚቀሩት ሙታን ከፍተው ይገባሉ፤ ተጫዋቹም ራሱን ብቻ ሳይሆን በሠራቸው ክፍሎች ውስጥ የሚያድሩትን ሁሉ መጠበቅ ይኖርበታል። ስለዚህ የትኛው ይበልጣል ተብዬ ብጠየቅ፣ በውበትና በስፋት ማይንክራፍትን እመርጣለሁ፤ ቤት ለሌላ ሰው ማደሪያ እንደሚሠራ በማስተማር ግን ቴራሪያ ይቀድማል እላለሁ።

ሁለቱም የሚጋሩት ጉድለት ቤከርን የያዘው ጉድለት ነው። ተጫዋቹ ከሰማይ እንደ ወረደ ሰው በምድሪቱ ላይ ይቆማል፤ የማን ናት ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ዛፉንም ሲቈርጥ፣ ተራራውንም ሲያፈርስ ርስቴ ነው የሚል አይነሣበትም። ከየት እንደ መጣም፣ ምን ሸሽቶ እንደ መጣም ጨዋታው አይናገርም።

ይህን የተዘለለውን ምዕራፍ የጻፈው የደቡብ ሱዳን ልጅ ሉዋል ማየን ነው። ወላጆቹ ከጦርነቱ ሸሽተው ወደ ኡጋንዳ ሲጓዙ በመንገድ ተወለደ፤ በዚያው ጉዞ ሁለት እኅቶቹ ሞቱ፤ እርሱም በሰሜን ኡጋንዳ በስደተኞች ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ። ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በ2007፣ ስደተኞች በሚመዘገቡበት ስፍራ ነው። እናቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅማ፣ በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዝታ ሰጠችው፤ በጣቢያው መብራት ስላልነበረ መሣሪያውን ኃይል ለመሙላት የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሩ ይጓዝ ነበር። በዚያ ዘመን ያየው «ግራንድ ቴፍት ኦቶ» የተባለ የወንጀልና የተኩስ ጨዋታ፣ ጨዋታ በጠቅላላው ምን ያህል ኃይል እንዳለው አሳየው፤ ጦርነት ባሳደጋቸው ወጣቶች መካከልም ተኩስን መዝናኛ ማድረግ ስለከበደው፣ ያንን ኃይል ለሌላ ዓላማ ለማዋል ቈርጦ «ሰላም» የተባለውን ጨዋታ ሠራ። በኋላ ወደ ዋሺንግተን ሄዶ ጁኑብ ጌምስ የሚባል ድርጅት መሠረተ፤ በ2018ም በዓለም አቀፉ የጨዋታዎች ሽልማት በዓል ላይ ተሸለመ።

በ«ሰላም» ተጫዋቹ ስደተኛ ነው። ከሚወርድበት ቦምብ ይሸሻል፤ ውኃና ምግብ ይሰበስባል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ለገጸ ባሕርዩ ምግብ፣ ውኃ ወይም መድኃኒት በእውነተኛ ገንዘብ ሊገዛ ይችላል፤ ገንዘቡም በእውነት ለሚሰደዱ ሰዎች እርዳታ እንዲውል ታስቧል። እዚህ ማሰስ ሽሽት ሆኗል፤ መሰብሰብም እስከ ነገ መድረስ ነው፤ ሰይፍ ደግሞ የለም። በየዓመቱ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ወደ ምድረ ግብጽ መሰደድ በማኅሌተ ጽጌ ለሚያስብ የእኛ አገር ሰው፣ የዚህ ጨዋታ ነገር ቶሎ ይገባዋል፤ ስደትን የቅዱሳን ታሪክ አድርጎ የተማረ ሕዝብ ነውና። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» የተባለው ጨዋታም፣ ቀለል ባለ መንፈስ ቢሆንም፣ ከገበሬ እጅ አምልጣ የምትሮጥ ዶሮ ታሪክ መሆኑን ሳይ፣ የዚህ የእኛ ቀጣና ልጆች መሮጥን ቀድመው እንደሚያስታውሱ እረዳለሁ።

የካቶርም ሕዝብ ይህን ሩጫ ያውቀዋል። ነጻነቱ ከታወጀ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው በዲሴምበር 2013 በጁባ ጦርነት ተነሣ፤ በጁላይ 2016 እንደገና ተቀሰቀሰ፤ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ወደ ጎረቤት አገሮች ተሰደደ፤ ከ300 ሺህ በላይ የሚሆነውን እኛ በጋምቤላ፣ ኩሌን፣ ቴርኪዲንና ጀዊን በመሳሰሉ ጣቢያዎች ተቀበልን። የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2023 በካቶር ካቴድራል ከጳጳሳቱና ከካህናቱ ጋር በተገናኙበት ዕለት፣ በከተማው በሌላ አዳራሽ ደግሞ ከተፈናቃዮች ጋር ተቀምጠው፣ በጣቢያ ያደጉ ልጆች የሚናገሩትን ሰምተዋል።

እንግዲህ ከግንባታውና ከሽሽቱ ጨዋታ ቀጥሎ የጎደለው ሦስተኛው ዓይነት ጨዋታ ነው፤ ይኸውም የሸሸው ሰው ተመልሶ፣ ምድሪቱን ባዶ ሳይላት፣ ከቀደመው ባለ ርስትና ከአዲሱ ጎረቤት ጋር ተማክሮ የሚገነባበት። ነገሩ ከንቱ ምኞት እንዳልሆነ ናይሮቢ ምስክር ናት። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት ከማይንክራፍት ሠሪዎች ጋር በ2012 ተስማምቶ በጀመረው ሥራ፣ የኪቤራ ነዋሪዎች የሰፈራቸውን የሲላንጋ ሜዳ በጨዋታው ውስጥ አስቀድመው በጡብ ሠርተው፣ በዚያ ላይ ተከራክረውበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያም ውድ አይደለም፤ ፔርቱ አሆላ የተባለ ፊንላንዳዊ በ2010 የጀመረው፣ ዛሬ «ሉዋንቲ» የሚባለው የጡብ ዓለም፣ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ይሠራል፤ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል፤ ፈቃዱም ማንም ሰው እንዲለውጠውና በራሱ ቋንቋ እንዲያደርገው ይፈቅዳል። በአዲስ አበባ የጨዋታ ሥራ የምትማሩ ወጣቶች፣ በጁባና በጋምቤላ ትምህርት ቤት የምታስተምሩ መምህራን፣ ይህን መሣሪያ አንሥታችሁ የካቶርን ሰፈር፣ የባሪውን ርስትና የኑዌሩን የጭቃ በረት አስገቡበት፤ ልጆቹንም ጠርታችሁ አብረው እንዲሠሩ አድርጉ።