ቀለብ

ቀለብ ሲባል በተለምዶ ለወታደር ወይም ለእስረኛ የሚሰፈረው እህል ትዝ ይለናል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን በ197ኛው አንቀጹ ምግብን፣ ልብስንና መጠለያን፣ እንደ ነገሩም ሁኔታ ሕክምናንና ትምህርትን፣ የአካባቢውን ልማድ ተመልክቶ በሚገባ መጠን ማሟላት ነው ብሎ ትርጓሜውን አስፍቶታል። ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩባት በአሶሳ፣ ሕገ መንግሥቱ ባለጉዳዮች ሲስማሙ በሃይማኖታቸው ሕግ መዳኘትን ስለሚፈቅድ፣ የቀለብ ጉዳይ በሸሪዓ ችሎትም ሊታይ ይችላል፤ በሸሪዓው ዘንድ ይኸው ግዴታ «ነፈቃ» ይባላል። «ለሚስቱ ቀለብ ቈረጠ» የሚለውን የሰፈር አነጋገር ግን፣ ነገሩ የልጅ ሲሆን፣ አጥብቄ እቃወመዋለሁ፤ ማንጎ ሽጣ ማሽላ የምትሸምት እናት ልጇን አዝላ ከችሎት ደጅ ስትቆም የምትጠይቀው ለራሷ ምጽዋት ሳይሆን ሕግ ለሕፃኑ የወሰነለትን ሲሳይ ነው።