ንግድ፥ ንግደትና መሳለም

ባለፈው ዓመት የዐቢይ ጾም እኩሌታ ካለፈ በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት እኛ ወደምንሠራበት ክፍል ቀረቡ። ለኢየሩሳሌም ጉዞ የሚያስፈልጋቸውን ወረቀት ለማስሞላት ነበር። «የጉዞው ምክንያት» ከሚለው መሥመር ስንደርስ፥ «እናቴ፥ የሚሄዱት ስለ ምን ጉዳይ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። «ለመሳለም ነዋ፥ ልጄ» አሉ። ቅጹ የሚያውቀው ግን አራት ነገር ብቻ ነው፤ ንግድ፥ ሥራ፥ ጉብኝት፥ ሌላ። «ጉብኝት እንበለው ይሆን?» ብንላቸው፥ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፥ «እኔ ምን እጐበኛለሁ? እርሱ ይጐብኘኝ እንጂ!» ሲሉ መለሱልን። እኛም «ሌላ» በሚለው ላይ ምልክት አድርገን ሸኘናቸው።

ነገሩ ግን ከአእምሯችን ሳይወጣ ቀረ። ይህን ያህል ዘመን ወደ ቅዱሳት መካናት ሲመላለስ የኖረ ሕዝብ ለዚህ መንገዱ በቅጽ ላይ የሚሰፍር ስም ያጣልን? ይህን እያሰብን ወደ ግዕዙ መለስ ብንል ያላሰብነውን አገኘን። ከዚያ ቅጽ ላይ ለእኒያ እናት ከሁሉ ይርቃል ብለን የዘለልነው «ንግድ» የሚለው ቃል፥ በጥንቱ አነጋገር ከሁሉ የሚቀርባቸው ኖሯል።

በግዕዝ «ነገደ» ሲል መንገድ ሄደ፥ ከአገር ወደ አገር ተጓዘ ማለት ነው፤ ሸቀጥ ይዞ ዞረ ማለትም ነው፤ ወደ ተቀደሰ ስፍራ ሄደ ማለትም ነው። «ነጋዲ» የተባለውም ሰው እንደ አገባቡ መንገደኛም፥ ሻጭና ለዋጭም፥ ተሳላሚም ሊሆን ይችላል። የምንረግጠው «መንገድ» ከዚሁ ግሥ ወጣ። ማታ ደጃችንን የሚያንኳኳው «እንግዳ»ም ከዚሁ ነው። የትግርኛ ተናጋሪዎች ወንድሞቻችን የቤተ ክርስቲያንን ዓመታዊ በዓል እስከ ዛሬ ድረስ «ንግደት» ሲሉት ይህንኑ የጥንት ቃል ጠብቀው መያዛቸው ነው። አማርኛ ግን ግሡን ከሞላ ጐደል ለገበያ ሰጠው።

ይህ አንድ ሥር ይህን ሁሉ ሰው መሸከሙ ያለ ምክንያት አይደለም። በቀድሞ ዘመን ብቻውን የሚሄድ መንገደኛ ለሽፍታ፥ ለአውሬና ለውኃ ጥም የተጋለጠ ስለ ነበረ፥ መነኵሴውም ሆነ ባለ ስለቱ የነጋዴ ቅፍለት የሚነሣበትን ቀን ይጠብቅ ነበር። አሞሌ የጫነውና መቋሚያ የያዘው ባንድ ምንጭ ይጠጣሉ፤ ሲመሽም ባንድ መንደር ገብተው፥ «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» ይላሉ። ለሚያሳድራቸው ባላገር ሁሉም እንግዳ ነው። «ነጋድራስ» የሚለው ማዕርግ እንኳ በኋላ የቀረጥ ሹም መጠሪያ ይሁን እንጂ፥ ጥንቱን የዚህ የቅፍለቱ አለቃ ስም ነበር።

መንገዱ ምን ያህል የከፋ እንደ ነበረ ከኢየሩሳሌሙ ጉዞ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፥ ከሦስት መቶ የሚበልጡ መነኮሳትና መነኮሳይያት ለኢየሩሳሌም ተነሥተው ወደ ሱዋኪን በሚወስደው መንገድ ላይ ሳሉ አደጋ ጣዮች ወረዱባቸው። የሚበዙት ተገደሉ ወይም በባርነት ተሸጡ፤ ያመለጡት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ሆኖም መሄዱ አልቀረም። በዚያው ዘመን፥ ከ1519 እስከ 1524፥ አለሳንድሮ ዞርዚ የሚባል የቬኒስ ሰው እስከዚያ የዘለቁ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እየጠየቀ ያለፉባቸውን አገሮች በተራ መዝግቧል። በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ የተሰጣቸው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤትም የመንገደኞች ማረፊያ ነበረ፤ በ1548 እና በ1549 የግዕዙ ሐዲስ ኪዳን በሮም በታተመ ጊዜ ሥራውን የመራው አባ ተስፋ ጽዮን የዚሁ ቤት ሰው ነው። የማተሚያ ታሪካችን ከእንግዳ ማረፊያ መጀመሩን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

እንግዲህ አማርኛ ንግድን ለነጋዴ ከተወ፥ ለሌላው ምን ሰጠው? «ተሳላሚ» አለው። ይህ ስም መንገዱን አያነሣም፤ ስንቁን፥ ድካሙንና የቀኑን ብዛት ሁሉ ትቶ፥ ሰውየው በደረሰ ጊዜ በደጁ ላይ የሚያደርገውን ብቻ ይናገራል። ቃሉ ከ«ሰላም» የወጣ ነውና ሰላምታ መስጠት፥ መሳም ነው። ከዚህም የተነሣ ግሡ ርቀትን አይቈጥርም። ወደ ሥራ ሲጣደፍ ከቅጥሩ ተጠግቶ፥ አማትቦ፥ በሩን ስሞ የሚያልፍ ጸሓፊ ተሳለመ ይባላል፤ ወራት ተጕዞ ከጎልጎታ የደረሰውም ተሳለመ ነው የሚባለው። መስከረም 21 ቀን ግሸን አምባ ላይ የወጣውም፥ ታኅሣሥ 19 ቀን ስለቱን ለማግባት ድንጋይ ተሸክሞ ቍልቢ የደረሰውም እንዲሁ።

በዐረብኛው ነገሩ ሌላ ነው። «ሐጅ» የሚለው ቃል በመሠረቱ ወደ አንድ ስፍራ አስቦ መሄድን ያመለክታልና ስሙ የተሰጠው ለጉዞው ነው፤ «ሐጂ» የሚለውም መጠሪያ ከተመለሱ በኋላ ዕድሜ ልክ ከስም ፊት ይቀመጣል። በወሎ የምንሰማው «ዚያራ» ደግሞ መጐብኘት ነው። በባሌ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ባላ በትር ይዘው፥ ውዳሴ እያዜሙ በእግራቸው የሚሄዱትን ያየ ሰው፥ መንገዱ ራሱ የሥርዐቱ ክፍል መሆኑን ይረዳል።

ዛሬ በከተማችን «መንፈሳዊ ጉዞ» የሚለው አባባል በርክቷል። ቃሉን አንነቅፍም፤ ነገር ግን «ጉዞ» የ«ጓዝ» ዘመድ ነውና ጭነቱን፥ ድንኳኑንና የሰዉን ብዛት ያስታውሰናል፤ ለጦር ሠራዊት ሲነገር የኖረውም ስለዚህ ነው። አሁን ተሳላሚው በአውቶቡስ አብሮ ተሳፍሮ፥ ስንቁንና ብርድ ልብሱን ጭኖ ስለሚሄድ፥ ስሙ ሳይስማማው አይቀርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ካደረገ ወዲህ የወራቱ መንገድ የሰዓታት ሆነ፤ በመንገድ የሚያሳድር ባላገርም፥ የሚያድር እንግዳም ቀረ። መሳለም ግን የሚጀምረው ከደረሱ በኋላ ስለ ሆነ፥ አውሮፕላኑ ከእርሱ ምንም አላሳጠረም።

እኒያ እናት ከፋሲካ በኋላ ተመልሰው መጥተው ነበር። «ልጄ፥ ደርሼ ተሳለምሁ» አሉና፥ ሠላሳ ሦስት ሆነው ከታሰሩት የኢየሩሳሌም ጧፎች ላይ አንዱን ፈትተው ጠረጴዛችን ላይ አኖሩልን። ጧፉ በመሳቢያችን ውስጥ አለ። መዝገቡን አውጥተን ብናየው ስማቸው ያው «ሌላ» በሚለው ዐምድ ሥር ነው፤ «ንግድ» ወደሚለው እናዛውረው ብንል ደግሞ አለቃችን ምን እንደሚሉን እናውቃለን።