ወፍራሙ ድምፅ ከየት መጣ?

ልጅ ሳለሁ ቤታችን የነበረው ቴፕ ሪከርደር ከጫማ ካርቶን አይበልጥም ነበር። አንድ የሬጌ ካሴት ነበረን፤ ሽፋኑ የጠፋ፣ ዘፋኙም ማን እንደሆነ የማይታወቅ። ጊታሩ ቅጭ ቅጭ ሲል፣ ሰውየው ሲያንጎራጉር እሰማለሁ፤ ሌላ ነገር ያለበት አይመስለኝም። አንድ ቀን ፒያሳ ስሻገር ያው ዘፈን ከአንድ ካሴት ቤት ደጃፍ፣ ከቁመቴ ከሚበልጥ ሳጥን ውስጥ ሲወጣ ሰማሁና ቆምኩ። ከዘፈኑ ሥር ሌላ ዘፈን ነበረ። የሰማው ጆሮዬ ሳይሆን ደረቴ ነው። የሱቁ መስተዋት ይንቀጠቀጣል። ካሴቱ ያው ካሴት ነው፤ ለካስ የኛ ቴፕ ያን ሁሉ ዓመት ግማሹን ሲውጥብን ኖሯል።

ይህን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ በየከተማው ጭፈራ ቤት ሆድ የሚያላውሰውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባስ ብዙ ሰው የኮምፒዩተር ልጅ አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔ ግን ከኮምፒዩተሩ በፊት የወለደው ሳጥኑ ነው እላለሁ። ሳጥኑን የሠሩት ደግሞ ሬዲዮ ሠሪዎች ናቸው።

ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን ድምፅ «ዝቅተኛ» ይሉታል፤ እኛ «ወፍራም» እንላለን። የኛ አባባል ይሻላል ባይ ነኝ። በሸክላ ላይ የባስ ድምፅ ሲቀረጽ መርፌው የሚሄድበት ቦይ በእርግጥም ወዲያና ወዲህ ይሰፋል፤ ወፍራሙ ድምፅ ቦታ ይፈጃል። በአየርም ላይ እንዲሁ ነው። ጤነኛ ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚነዝር ድምፅ ይሰማል። በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚነዝር ድምፅ አንዱ ሞገዱ ብቻ ከ8 ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል፤ ከብዙዎቻችን ሳሎን ይበልጣል ማለት ነው። ጆሯችንም ለእንዲህ ያለው ድምፅ ደካማ ስለሆነ፣ እኩል እንዲሰማን እጅግ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ትልቅ ስፒከር፣ ትልቅ ሳጥን፣ ትልቅ አምፕሊፋየር ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት ቢሆን ወፍራም ድምፅ የሀብታም ንብረት ሆኖ በቀረ ነበር። ነገሩ የሆነው ግን ተገላቢጦሽ ነው።

በ1940ዎቹ መጨረሻ (የአፄውን ጉብኝት ካልጠቀስኩበት በቀር ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በጃማይካዋ ኪንግስተን ድሃው ሕዝብ ሬዲዮም ሸክላ ማጫወቻም መግዛት አይችልም ነበር። ቶም ዎንግ የሚባል የብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ስፒከር ደርድሮ፣ መግቢያ እያስከፈለና መጠጥ እየሸጠ ሸክላ ያጫውት ጀመር። አምፕሊፋየሩን የሠራለት ሄድሊ ጆንስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል ያገለገለ ባለሙያ ነበር። ሌሎች ተከተሉ፤ የቀድሞ ፖሊሱ ዱክ ሪድ፣ ከዚያም ኮክሰን ዶድ። በተቀራረበ ሠፈር ሁለት ሦስት ቡድን በአንድ ሌሊት ሲያጫውት ጭፈረኛው ወደ ማን ይሄዳል? ከሩቅ ወደሚጠራው ነው። ቀጭኑን ድምፅ ግድግዳ ያስቀረዋል፤ ወፍራሙ ግን ግድግዳ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ የእንጀራ ፉክክሩ የባስ ፉክክር ሆነ፤ ሳጥኑም እየተለቀ ቁም ሣጥን አከለ።

ከነዚህ ሁሉ ልቤ የሚቀርበው ኪንግ ተቢ ነው፤ የቤት ስሙ ኦዝቦርን ራዶክ። ኑሮው ሬዲዮና የኤሌክትሪክ ዕቃ መጠገን ነበር። የራሱን አምፕሊፋየሮች ሠርቶ ዝነኛ የድምፅ ቡድን አቋቋመ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋተርሃውስ በሚባለው የድሃ ሠፈር ከቤቱ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ ከፈተ። ከአንድ ትልቅ ስቱዲዮ የተጣለ ባለ አራት መሥመር ማቀነባበሪያ ገዛና እየፈታ እየገጠመ እንደፈለገው አደረገው። ያለቀለትን ዘፈን ያመጡለታል። እሱ ዘፋኙን ያወጣዋል፤ ጊታሩን ለአፍታ አስገብቶ መልሶ ያጠፋዋል፤ የቀረው ከበሮና ባስ ብቻ ነው። ደብ የሚባለው ሙዚቃ ይኸው ነው። ሰዎች ተቢን ሲያነሡ ስለ ገደል ማሚቶው ያወራሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ዘፋኙን ማስወጣቱ ነው። ከሱ በፊት ባስ አጃቢ ነበር፤ እሱ የቤቱ ባለቤት አደረገው። ዛሬ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዘፋኝ ሳይኖር ሌሊቱ ሲነጋ የሚደነቅ ሰው የለም፤ በዚያን ጊዜ ግን ድፍረት ነበር።

እዚህ ላይ የኛ ስም ይነሣል። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲገቡ የራስታ ሕዝብ ከበሮውን ይዞ፣ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። ራስታዎች በሦስት ዓይነት ከበሮ ያመልካሉ፤ ትልቁ ባስ ይባላል፤ አመታቱም እንደ ልብ ትርታ ነው። ተቢ ጋር ይሠራ የነበረው ኦገስተስ ፓብሎም በ1977 ባወጣው ሸክላ ርዕስ ላይ የዓባይን ስም አኖረ። እኛ አገር ይህን እያነሡ ሬጌ ከኛ የወጣ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ስማችንን ወሰዱ እንጂ ድምፁ የራሳቸው ነው፤ ሳጥኑንም በእጃቸው ሠርተውታል።

በዚያው ጊዜ ኒው ዮርክ ላይ ቶም ሞልተን የሚባለው ሰው የጭፈራ ዘፈንን በሰፊ፣ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ማስቀረጽ ጀመረ። ቦታ ሲገኝ ቦዩ ሰፋ፤ ባሱም ወፈረ። ከዚያ የጃፓን መሣሪያዎች መጡ። ሮላንድ ኩባንያ በ1980 ያወጣው ቲ አር 808 የከበሮ ድምፅ ተቀድቶ የገባበት አይደለም፤ ራሱ በኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ለትልቁ ከበሮ አንዲት መዞሪያ አለችው፤ ስትጠመዘዝ ምቱ «ዱም» ማለቱ ቀርቶ «ዱዉዉም» ብሎ ይረዝማል። እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ብዙዎች ናቁት፤ 12,000 ያህል ተሠርቶ በ1983 ቀረ። የባስ ተጫዋች ለሌላቸው ጊታሪስቶች መለማመጃ ተብሎ የወጣው ቲ ቢ 303ም ከዚያ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። ሁለቱም አሮጌ ዕቃ መሸጫ ሲወድቁ ያነሷቸው ገንዘብ የሌላቸው የቺካጎ፣ የዲትሮይትና የማያሚ ጥቁር ወጣቶች ናቸው። በ1987 ሦስት የቺካጎ ልጆች የ303ን መዞሪያዎች ያለ ልክ እየጠመዘዙ «አሲድ ትራክስ»ን አወጡ። በማግስቱ ዓመት ኬቨን ሳንደርሰን ዲትሮይት ላይ ከአንድ ካሲዮ ሲንተሳይዘር የሚያጉረመርም ባስ አወጣ፤ ያ ድምፅ ሎንዶን ላይ ለዓመታት ሲቀዳ ኖሯል።

ሎንዶን ላይ ሳጥኑና መሣሪያው ተገናኙ። ከ1948 ጀምሮ የተሰደዱት የካሪቢያን ሰዎች ጭፈራ ቤት «ለጥቁር አይፈቀድም» ሲላቸው ሳጥናቸውን በየቤታቸው ምድር ቤት አቁመው ይጨፍሩ ነበር። ልጆቻቸው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጃንግልን ፈጠሩ፤ ከላይ ከበሮው እንደ እብድ ይሮጣል፣ ከሥር ባሱ በአባቶች የሬጌ እርምጃ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በ1994 የእንግሊዝ ፓርላማ የሜዳ ላይ ጭፈራን የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ የተደጋጋሚ ምትን ምንነት በአንቀጽ ለመተርጐም መገደዱ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ሕግ ስለ ምት እንዲህ ሲጨነቅ አይቼ አላውቅም። ከ2000 በኋላ የክሮይደን ወጣቶች ደብስቴፕን ሲያመጡ ከበሮውንም ቀነሱት። በ2005 ብሪክስተን ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ በነበረ ጭፈራ ቤት የጀመሩት ዝግጅት ሰዉን በጨለማ ባስ ፊት ያቆም ነበር።

ደረቴ ሰማ ያልኩት ቅዠት እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በ2022 የታተመ የካናዳ ጥናት አለ። የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዝግጅት ላይ ከ8 እስከ 37 ንዝረት ያለው፣ ጆሮ የማይለየው ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር በየሁለት ደቂቃ ተኩሉ ከፈቱ፣ ዘጉ። ታዳሚው መከፈት መዘጋቱን አላወቀም። ሲከፈት ግን እንቅስቃሴው በ11.8 በመቶ ጨመረ።

ኪንግ ተቢ ይህን ሳያይ ሄደ። በፌብሩዋሪ 1989 ሌሊት ከስቱዲዮ ሲመለስ በቤቱ ደጃፍ በጥይት ተገደለ፤ ገዳዩ አልተያዘም። በዚያው ዓመት በጋ በእንግሊዝ ሜዳዎች ላይ ሺዎች ከሳጥን ቁልል ፊት ሲጨፍሩ ያድሩ ነበር።